የምንበላውን ማን ይመርጥልናል? ከእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት እስከ አዮዋ ኩሽናዎች



ብዙዎቻችን ምግብ የምንመርጠው በምላሳችን ይመስለናል። «ይህን እወዳለሁ፣ ያንን አልወድም» ስንል ነገሩን በእኛና በሳህናችን መካከል ያለ የግል ጉዳይ አድርገን ነው። ከልኩ በላይ የሚበላ ሰው ስናይ «ሆዳም» እንለዋለን። የሚቆጥብ ሰው ስናይ ደግሞ «ነፍሱን ያሸነፈ» ብለን እናደንቀዋለን። ሁሉንም ነገር የምላስና የቆራጥነት ጉዳይ አድርገን እንዘጋዋለን።

ታሪክን ስናገላብጥ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አናገኘውም። በአንድ ትሪ ዙሪያ ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ በደስታ የሚጎርሰውን ሌላው እጁን ሊዘረጋለት አይችልም። አንድ ሕዝብ ለዘመናት የሸሸውን መጠጥ የልጅ ልጆቹ ያለ እሱ ቀናቸው አይነጋላቸውም። ታዲያ የምንበላውን በእርግጥ የሚመርጥልን ማን ነው? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ይዘን ከመዲና እንነሳለን፤ በመካና በአገራችን እናልፋለን፤ ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ሁለት ጥናቶችን እናያለን። መጨረሻችን የየሰፈራችን የኢፍጣር ማዕድ ነው።

አንድ ትሪ፣ ሁለት ሰዎች

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ውስጥ፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ወደ እናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት ይገባል። እናታችን መይሙና ለኻሊድ የእናቱ እህት ናቸው። በቤቱ ከነጅድ የመጣ የተጠበሰ ሥጋ ነበር፤ በዐረብኛ «ዶብ» የሚባለው ትልቅ የበረሃ እንሽላሊት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ምግቡ ሲዘረጉ፣ ከነበሩት ሴቶች አንዷ የቀረበላቸው ምን እንደሆነ እንዲነገራቸው አደረገች። ሲነገራቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ምግቡ ሐራም ይሆን እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው አገር የሚገኝ ባለመሆኑ ነፍሳቸው እንዳልፈቀደችው ገለጹለት። ኻሊድም ምግቡን ወደ ራሱ ስቦ በላ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እያዩት።

የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተወውና ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ የሚያስተምረንን እንመልከት። እዚህ ትሪ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንደኛው ሐላልና ሐራም ነው፤ እሱ የሸሪዓ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ነፍስ መፍቀዷና አለመፍቀዷ ነው፤ እሱ የልማድ ጉዳይ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያልለመዱትን ምግብ አልበሉም፤ ግን ሐራም አላሉትም፣ የሚበላውንም አልነቀፉም። ምክንያቱንም ከሥጋው ጣዕም ሳይሆን ካደጉበት አገርና ከወገን ልማድ ጋር ነው ያያዙት። በሌላ ሐዲስም ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ ተዘግቧል። ከወደዱት ይበላሉ፤ ካልወደዱት ይተዋሉ።

እኛ ከተማ ያለን ወጣቶች ይህን ስንት ጊዜ እናደባልቃለን? ከአንድ አካባቢ የመጣው ወንድማችን የግመል ወተት ሲያቀርብልን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ከሌላ አካባቢ የመጣችው እህታችን ቆጮ ስትበላ «ይሄ ደግሞ ይበላል?» ብለን እንሳለቃለን። የእኛ ምላስ መመዘኛ፣ የእነሱ ደግሞ ስህተት ይመስለናል። እነሱ የሚበሉት ግን በእናታቸው እጅ ሲቀርብላቸው ያደጉትን ነው፤ እኛም እንደዚያው።

ይህ ልማድ ሥር የሚሰደው ከልጅነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሊያን በርች የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ያደረገችውን ጥናት አሳትማ ነበር። አንድን አትክልት የሚወድና ሌላውን የማይመርጥ ሕፃን ትወስድና፣ ያንን የማይመርጠውን አትክልት ከሚወዱ እኩዮቹ ጋር ምሳ ሰዓት ላይ ታስቀምጠዋለች። ማንም አልመከረውም፤ ማንም አላስገደደውም። በአራት ቀን ውስጥ ብዙዎቹ ሕፃናት እንደ ጓደኞቻቸው መምረጥ ጀመሩ። ከሳምንታት በኋላ ሲታዩም ለውጡ አልጠፋም ነበር። እናት «ብላ!» እያለች ስትለምነው የማይቀምሰውን ልጅ ያስበላው የእኩዮቹ ሳህን ነበር።

ቡናው ያው ቡና ነው

ይህ በሕፃናት ብቻ የሚታይ ነገር እንዳይመስለን። በትልልቆቹም፣ በመላው ሕዝብም ላይ የታየ ነው። ለዚህ ከቡና የተሻለ ምስክር የለም።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለዚክር ሌሊቱን ለመንቃት ቡና ይጠጡ ነበር። ልማዱ ከየመን ወደ መካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1511 (በሂጅራ 917) በመካ የማምሉኮች ሹም የነበረው ኻኢር ቤግ፣ ሰዎች ሌሊት ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አይቶ ተቆጣ። ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ሰብስቦ አከራከረ፤ ቡናም ታገደ። ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ ምላሽ ግን እገዳውን አላላው። ልብ በሉ፤ ሹሙን መጀመሪያ ያስቆጣው የፍሬው መምረር አልነበረም። ክብ ሠርቶ የተቀመጠውና ሲኒ የሚቀባበለው ሰው ነው ያሳሰበው። ቡና ሲጠጣ ጉባኤም አብሮ ይፈጠራል፤ ኻኢር ቤግ የፈራውም ጉባኤውን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቡና ከራሳችን ምድር የበቀለ ነው። ሆኖም በደጋው ክርስቲያን ማኅበረሰብ ዘንድ ለረጅም ዘመን የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ይሸሽ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዳው፣ ይህ አመለካከት መለወጥ የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም በካህናቱ ዘንድ የነበረውን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ጥረዋል። ዛሬ ያ ቡና የሁሉም ቤት ሆኗል። ጎረቤት ከጎረቤት ሃይማኖት ሳይለይ የሚጠራራው በቡና ነው።

እስኪ እንጠይቅ፦ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን ተለወጠ? ፍሬው ያው ነው። ሽታው ያው ነው። የሰው ምላስም በአንድ ትውልድ ውስጥ ሌላ ፍጥረት አልሆነም። የተለወጠው ከሲኒው ጀርባ ያለው ሰው ነው። «የእነሱ» የነበረው «የእኛ» ሲሆን መራራው ጣፈጠ።

የአዮዋ እናቶች

እስካሁን ያየነው በራሱ ጊዜ የመጣ ለውጥ ነው። ሰዎች አስበውና ተመካክረው የምግብ ልማዳቸውን መለወጥ ይችላሉ ወይ? ይህን ጥያቄ በደንብ የፈተነው ኩርት ሌዊን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1890 የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ለቆ አሜሪካ ገባ። ጦርነቱ ሲመጣ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ጥሩ ጥሩው ሥጋ ለወታደሩና ለአጋር አገሮች ይላክ ጀመር። ሕዝቡ ደግሞ ፕሮቲን ማግኘት አለበት። መፍትሔው ቅርብ ነበር፦ አሜሪካውያን የማይነኩት የከብት ልብ፣ ኩላሊትና መሰል የሆድ ዕቃ ርካሽና ገንቢ ነው። እኛ ዱለት ብለን የምንሻማበትን እነሱ ሲያዩት ያቅለሸልሻቸው ነበር። ስለዚህ መንግሥት ምሁራንን ሰበሰበ። የምግብ ልማድን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ታዋቂዋ አንትሮፖሎጂስት ማርጋሬት ሚድ የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ ሆነች፤ ሌዊንም ከተመራማሪዎቹ አንዱ ነበር።

ሌዊን መጀመሪያ የጠየቀው «ሕዝቡን እንዴት እናሳምን?» ብሎ አይደለም። «ምግብ ወደ ማዕድ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?» ብሎ ነው የጀመረው። ምግብ እንደ ውኃ በቦይ ይፈሳል፤ አንዱ ቦይ ከገበያ ይመጣል፣ ሌላው ከጓሮ ይመጣል። በየቦዩ መግቢያ ላይ ደግሞ በረኛ አለ፤ ይግባ ወይም ይቅር የሚል ሰው። በአብዛኛው ቤት ያ በረኛ የቤቱ እመቤት ሆና አገኛት። ባልና ልጆች የፈለጉትን እንበላለን ይበሉ እንጂ፣ የሚበሉት እሷ ያሳለፈችውን ነው። እሷም ብትሆን ብቻዋን አይደለችም፤ ባሌ ይወደዋል ወይ፣ እንግዳ ምን ይለኛል፣ ገንዘቡ ይበቃል ወይ እያለች ነው በሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሙከራ ለእኛ፣ በተለይ መድረክ ላይ ቆመን ለምንመክር ሰዎች፣ ትልቅ ትምህርት አለው። ለቀይ መስቀል የበጎ ፈቃድ ሥራ የተደራጁ ስድስት የሴቶች ቡድኖች ተመረጡ። በእያንዳንዱ ቡድን ከ13 እስከ 17 ሴቶች ነበሩ፤ የተሰጣቸው ጊዜም 45 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሦስቱ ቡድኖች ንግግር ሰሙ። ንግግሩ ደካማ አልነበረም። የምግቡ ጥቅም ከጦርነቱ ጋር ተያይዞ ተነገራቸው፤ ስለ ቫይታሚኑና ማዕድኑ በሰንጠረዥ ተብራራላቸው፤ ዋጋው ርካሽ እንደሆነ ተነገራቸው፤ ሽታውንና መልኩን የሚያሻሽል የአሠራር ዘዴ ተጽፎ ታደላቸው። ተናጋሪዋ እሷ ራሷ ለቤተሰቧ እንዴት እንደሠራችው ሳይቀር ነገረቻቸው።

በሌሎቹ ሦስት ቡድኖች ውስጥ ግን ጉዳዩ በአጭሩ ተነሳና ለውይይት ተተወ። እንደ እነሱ ያሉ የቤት እመቤቶች በዚህ ነገር ሊተባበሩ ይችሉ እንደሆነ፣ የሚያስቸግራቸውስ ምን እንደሆነ ተጠየቁ። ሴቶቹም ባሎቻቸው እንደማይወዱት፣ ሲበስል እንደሚሸታቸው አነሱ። የአሠራር ዘዴው የተሰጣቸው እነሱ ራሳቸው ችግሩን ካነሱ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ከእነዚህ ሥጋዎች አንዱን ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነች እጇን እንድታወጣ ተጠየቀ።

ከሳምንት በኋላ ሲጣራ፣ ንግግር ከሰሙት ውስጥ አዲስ ዓይነት ሥጋ ያቀረቡት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተወያይተው እጃቸውን ካወጡት ውስጥ ግን 32 በመቶዎቹ አቀረቡ።

ቡድኖቹ ጥቂትና ትንንሽ መሆናቸው እውነት ነው፤ የቁጥሩን ልዩነት ለየትኛውም ቦታ እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም። በኋላም ምሁራን ጉዳዩን መልሰው ፈትነውታል። ለምሳሌ ኤዲት ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመችው ጥናት፣ ለውጡን የሚያመጣው ወሬው ራሱ ሳይሆን ቁርጥ ውሳኔ መወሰኑና «ሌሎቹም ተስማምተዋል» የሚል ስሜት መኖሩ እንደሆነ አሳይታለች። ይህ ነጥብ ቁም ነገር ነው። ብዙ ማውራት ብቻውን አይለውጥም። ዙሪያችን ያሉት እንደወሰኑ ማየትና እኛም መወሰናችን ነው የሚለውጠን።

ንግግሩን የሰማችው ሴት ብቻዋን ነው የሰማችው፤ አጠገቧ ሃያ ሰው ቢቀመጥም ብቻዋን ናት። የጎረቤቷን ሐሳብ አታውቅም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ከልማዷ ጋር ብቻዋን ትፋጠጣለች። እጇን ያወጣችው ግን ዙሪያዋን አይታለች፤ ሌሎች እጆችም ወጥተዋል። ኩላሊቱን ስትገዛ በሐሳቧ ያሉት ያልተለመደ ነገር የምታደርግ «እብድ» የሚሏት ጎረቤቶች አይደሉም፤ አብረዋት የወሰኑት ናቸው።

«ቆራጥ ከሆንኩ ብቻዬን እችላለሁ»

ምናልባት አንዳንዶቻችን «ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ሰው ቆራጥ ከሆነ በቃው» እንል ይሆናል። በየስልካችን «በአንድ ሳምንት ቦርጭ ማጥፊያ» የሚሉ ምክሮች ሞልተዋል። ወጣቱ ድንገት ተነስቶ ቁርስም ምሳም ይተዋል፤ በአሥረኛው ቀን ደግሞ የተወውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይበላዋል። ከዚያም ራሱን ይጠላል።

በዚያው የጦርነት ዘመን የተደረገ ሌላ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 ድረስ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ከእግር ኳስ ስታዲየሙ ሥር በነበረ ቤተ ሙከራ፣ በ36 ወጣት ወንዶች ላይ የረሃብን ጠባይ አጠና። ወጣቶቹ ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው ውትድርናን እምቢ ያሉ፣ ጤነኞችና በገዛ ፈቃዳቸው የገቡ ነበሩ። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነው። ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው በጣም ያነሰ ምግብ ተሰጣቸው፤ በአማካይ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ።

እነዚህ ከሌላው ሰው የበለጠ ቆራጥ እንጂ ያነሰ አልነበሩም። ረሃቡ ሲጸና ግን ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የወጥ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር፤ ሳህን ይልሱ ነበር፤ ጥቂቷን ምግብ ረጅም ሰዓት እያንከባለሉ ይበሏት ነበር። ተነጫናጮች ሆኑ፤ ለሌላው ነገር የነበራቸው ፍላጎት ሞተ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ እጅግ ብዙ በልተውም የጠገቡ አልመሰላቸውም። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1950 በሁለት ቅጽ ታትሟል።

ይህን ከጾም ጋር እንዳናምታታው። የረመዳን ጾም በየምሽቱ የሚፈታ ዒባዳ ነው እንጂ ለወራት የሚዘልቅ ረሃብ አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው። አካልን ድንገትና በጭካኔ ያስራበ ሰው ምግብን ከሐሳቡ አላስወጣም፤ ጭራሽ ንጉሥ አድርጎ አነገሠው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መብላት የሆዳምነት ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል፤ በአብዛኛው ግን የረሃቡ መልስ ነው።

ኢማም አል ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በሂጅራ 505 (እ.ኤ.አ. 1111) ነው ያለፉት። ኢሕያእ በተባለው ታላቅ መጽሐፋቸው ውስጥ የሆድንና የብልትን ስሜት ስለ መግራት አንድ ሙሉ ክፍል ጽፈዋል። እዚያ ውስጥ መብላትን ስለ መቀነስ የሚሰጡት ምክር አስገራሚ ነው። ሰው ከብዙ ወደ ጥቂት በአንድ ጊዜ ቢዘል ተፈጥሮው እንደማይሸከመው ያስጠነቅቃሉ። ከዚያም ሒሳብ ይሠሩለታል፦ በቀን ሁለት ዳቦ የሚበላ ሰው ወደ አንድ ዳቦ መውረድ ከፈለገ፣ በየቀኑ ከአንዱ ዳቦ 28ኛውን ወይም 30ኛውን እጅ ያህል ብቻ ይቀንስ፤ በአንድ ወር ውስጥ ይደርሳል። አንድ ጉርሻ እንኳ የማትሞላ ቅነሳ ናት! የነፍስን ጠባይ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ነፍስን አያስደነግጧትም።

እኚህ ሊቅ የጠቆሙት ሌላም አደጋ አለ፤ ለሰው ይታይልኝ ብሎ መራብ። ምግብ መተው ራሱ የሰው ዓይን መሳቢያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የከሳ ሰውነቱን «በፊት» እና «በኋላ» እያለ በፎቶ የሚለጥፈው ወጣት ይህን ቢያነብ ለእሱ የተጻፈ ይመስለዋል።

ተሰብስቦ መብላት

እንግዲህ ምላስ ብቻውን አይመርጥም፤ ቆራጥነትም ብቻውን ሩቅ አይሄድም። አብሮን የሚበላው ሰው ትልቅ ድርሻ አለው። ይህን ይዘን ወደ መዲና እንመለስ።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ፣ ሰሀቦች እየበሉ እንደማይጠግቡ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይነግሯቸዋል። እሳቸውም ምናልባት ተለያይተው የሚበሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አዎን ሲሏቸው ተሰብስበው እንዲበሉና የአላህን ስም እንዲያወሱ፣ በረከትም እንደሚያገኙበት ያስተምሯቸዋል። የቀረበው አቤቱታ ስለ ሆድ ነበር፤ መልሱ ግን ስለ ጀመዓ ነው። ምግቡ ስንት እንደሆነ ከመጠየቃቸው በፊት ከማን ጋር እንደሚበላ ጠየቁ።

በሂጅራ 18ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 639) ደግሞ በሒጃዝ ድርቅ ገባ፤ ዘመኑም «ዓሙ ረማዳ»፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ወሰነ፤ ከዘይት ብዛት የፊቱ ቀለም እስኪለወጥ ድረስም ጸና። የቤተ መንግሥቱ ማዕድ ከሕዝቡ ማዕድ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ፣ «ታገሱ» የሚለው ኹጥባ ማንን ያጽናና ነበር? ዑመር ትዕግሥትን በሳህኑ ላይ ነው ያሳየው።

ይሁን እንጂ ጀመዓ ሁለት ስለት ያለው ቢላ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ተመራማሪዎች የሰዎችን የዕለት ምግብ መዝግበው ሲያጠኑ፣ ሰው ከሌሎች ጋር ሲቀመጥ ብቻውን ከሚበላው የበለጠ እንደሚበላ አግኝተዋል። ለዚህ እኛ ጥናት አያስፈልገንም፤ ሠርግ ሄዶ ያልመሰከረ የለም። «በሞቴ!» እየተባለ አንዲት ጉርሻ ሦስት ትሆናለች። ጀመዓ በረከት የሚሆነው በምን ላይ እንደተስማማ ሲታወቅ ነው።

ይሉኝታ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ረመዳን ሲመጣ በየቤታችን የሚሆነውን እናውቃለን። ሾርባ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ በዘይት የተጠበሰው ሁሉ አለ፣ ጁስና ለስላሳ አለ። ይህ ካልቀረበ ኢፍጣር የሆነ አይመስለንም። ገቢዋ ትንሽ የሆነች እናት እንግዳ የጠራች ቀን ተበድራ ትደግሳለች። ለምን? ልጆቿ ስለራባቸው አይደለም፤ ጎረቤት ምን ይላል ብላ ነው። እዚያ ማዕድ ላይ ምግቡን የመረጠው ምላስ አይደለም፣ ሆድም አይደለም። ይሉኝታ ነው የመረጠው። ቀን የቀለለው ሆድ ማታ ይከብዳል፤ ተራዊሕ ላይ ጀርባችን ይዝላል፤ በቤቱ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት አባት ካለም «ዛሬ ብቻ» እየተባለ ሠላሳ ቀን ያልፈዋል።

ስለዚህ በየመስጂዳችን «አታባክኑ» የሚል ደርስ መስጠት መልካም ነው፤ ይቀጥልም። ግን የአዮዋን እናቶች እናስታውስ። ደርሱ ካለቀ በኋላ አሥር ወጣቶች ቁጭ ብለው «እኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ምንድን ነው?» ብለው በግልጽ ይነጋገሩ። አንዱ እንግዳ ፊት ያሳፍረናል ይላል፤ ሌላው ያለ ለስላሳ ኢፍጣር አይጥመኝም ይላል። ይናገሩት፤ አይሳቅባቸው። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ይወስኑ። ለምሳሌ በዚህ ሳምንት እርስ በርስ ስንጠራራ ከቴምር፣ ከውኃ፣ ከሾርባና ከአንድ ዓይነት ምግብ በላይ አናቀርብም ይበሉ። እጅ ይውጣ። በሳምንቱ ተገናኝተው እንዴት እንደሆነ ይጠያየቁ። የገዛሊን ዳቦ ልብ ይበሉ፤ ቅነሳው ትንሽ ይሁን። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ሲያቀርብ ድሃዋ እናት አታፍርም፤ ሀብታሙም ስስታም አይባልም። ይሉኝታ ራሱ ጎኑን ቀይሮ ለልከኝነት ይሠራል።

በሩ ላይ ያለውንም ሰው አንርሳ። ብዙዎቻችን ከስልካችን ያነበብነውን ይዘን «ዘይት አታብዢ፣ ስኳር ቀንሺ» እያልን እናቶቻችንን እናስተምራለን፤ ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ምግብ እንጠብቃለን። የበረኛዋን ሸክም ያልተሸከመ ሰው በር ላይ ምን ቃል አለው? ወንድሜ፣ ዘንቢሉን ይዘህ አብረሃት ገበያ ውጣ። ሽንኩርቱን ክተፍላት። የጎመኑን ዋጋና የዘይቱን ዋጋ እወቅ፤ አባትህ ምን እንደማይበላ፣ ታናሽህ በምን እንደምታኮርፍ አብረህ እይ። ያኔ ምክርህ ምክር ይሆናል።

ብቻቸውን የሚበሉትንም እናስብ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ተማሪ፣ ሱቅ ውሎ ማታ ስልኩን እያየ ደረቅ ዳቦ በሻይ የሚበላው ወንድም፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን የምትበላው እህት በየሰፈራችን አሉ። እየበሉ አለመጥገብ ለእነሱ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። ትሪያችን ላይ አንድ ሰው መጨመር ውድ ነገር አይደለም። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

የምንበላውን የሚመርጥልን ማን ነው ብለን ነበር የጀመርነው። ያሳደገን ቤት ይመርጥልናል፤ አብሮን የተቀመጠው ጓደኛ ይመርጥልናል፤ በሩ ላይ ያለችው እናት ትመርጥልናለች፤ ይሉኝታም ይመርጥልናል። እነዚህን ሁሉ ማስወገድ አንችልም፤ ሰው ብቻውን አልተፈጠረምና። ግን አውቀንና ተስማምተን አብረን መምረጥ እንችላለን። ሌላው ሳህን ላይ ያለውን ከመንቀፋችን በፊት ከማን ቤት እንደመጣ እንጠይቅ፤ የራሳችንን ከመሙላታችን በፊትም ማን እንዳስሞላን እናስተውል።

አላህ ማዕዳችንን የበረከት ያድርግልን፤ ከብክነትም ከረሃብም ይጠብቀን፤ አብሮ መብላትን ከይሉኝታ አጥርቶ ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።